ብዙ ፓይተን በአንድ ኮምፒውተር

ፓይተን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ እያንዳንዱም አምስት ዓመት ያህል ጥገና ይደረግለታል። አንዱ ግን ለሌላው የተጻፈውን ኮድ ሁሉ አይቀበልም። በ2023 የወጣው 3.12 ዲስትዩቲልስ የተባለውን ነባር ሞጁል ስላስወገደ፣ በእርሱ የሚተማመኑ አሮጌ ፓኬጆች አልጫን አሉ። ነባር ሲስተም እየጠገነ አዲስ ሥራ የሚጀምር ባለሙያ አሮጌውንና አዲሱን ቨርዥን ጎን ለጎን መያዝ ግድ ይለዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የመጣው ፓይተን ነው። በርካታ የኡቡንቱ መሣሪያዎች የተጻፉት በፓይተን ነውና «ፓይተን3» የሚለው ስም ወደ ሌላ ቨርዥን ከዞረ ተርሚናሉ ራሱ አልከፈት ሊል ይችላል። ማጥፋቱ ደግሞ የባሰ ነው። ዴቢያን 12 የፓኬጅ መጫኛው ፒፕ በሲስተሙ ፓይተን ላይ እንዳሻው እንዳይጭን መከልከሉ ተገቢ ነበር፤ ክልከላውን በትእዛዝ ጥሶ ማለፍ ሊቀር የሚገባ ልማድ ነው።

ሌላ ቨርዥን ከሶርስ ኮድ የሚጭን ሰውም በመጨረሻዋ ትእዛዝ ላይ መጠንቀቅ አለበት። «ሜክ ኢንስቶል» አዲሱን ቨርዥን «ፓይተን3» ብሎ ሲሰይመው፣ «ሜክ ኦልትኢንስቶል» ግን «ፓይተን3.11» በሚለው ሙሉ ስሙ ብቻ ያስቀምጠዋል።

ፓይኤንቭ የተሰኘው መሣሪያ በእጅ የመጫኑን ድካም ያቃልላል። በፓዝ መጀመሪያ ላይ ትናንሽ ስክሪፕቶች ያኖራል፤ «ፓይተን» ተብሎ ሲጠራ እነርሱ በፕሮጀክቱ ፎልደር ያለውን የቨርዥን ፋይል አንብበው ወደሚፈለገው ይመራሉ። ሆኖም በሊኑክስ ላይ ፓይተንን ከሶርስ ኮድ ስለሚገነባ ኮምፓይለርና የኦፕንኤስኤስኤል ፋይሎች አስቀድመው መኖር አለባቸው፤ ከሌሉ ግንባታው መሐል ላይ ይቆማል። ዩቪ የተሰኘው አዲስ መሣሪያ ተገንብቶ ያለቀውን ስለሚያወርድ ከዚህ ጣጣ ያድናል። በዊንዶውስ የተጫኑትን «ፓይ -3.11» በመሰለ ትእዛዝ መለየት ይቻላል።

ከመጫኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የፓኬጆቹ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ቨርዥን የራሱ የፓኬጅ ማኖሪያ አለው፤ ለ3.10 የተጫነውን 3.12 አያየውም። «ፒፕ» ብቻ ብሎ ማዘዝ ለየትኛው እንደሚጭን ስለማያሳይ፣ «ፓይተን3.11 -ኤም ፒፕ» ማለት ይሻላል። ቨርችዋል ኢንቫይሮመንትም ከተፈጠረበት ቨርዥን ጋር የተሳሰረ ነው፤ በውስጡ ሙሉ ፓይተን የለም፣ ዋናው ሲጠፋ አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ አሮጌ ቨርዥን ከመሰረዙ በፊት የፓኬጆቹ ዝርዝር ከነቨርዥን ቁጥራቸው ከኮዱ ጋር ይቀመጥ፤ ኢንቫይሮመንቱም በአዲሱ ቨርዥን እንደገና ይፈጠር።