የሻጋታ ማጥፊያ መድኃኒቶች ንግድና የነቀርሳ በሽተኞች ሕይወት

ሻጋታ የነጋዴ የቆየ ጠላት ነው። እህልን በመጋዘን፣ ቡናን በጆንያ፣ አበባንም በካርቶን ውስጥ እንዳለ ያበላሻል። ስለዚህም ሻጋታንና ዋግን ለማጥፋት የሚረጩ መድኃኒቶች በዓለም ንግድ ከፍ ያለ ስፍራ ይዘዋል። ይሁን እንጂ ከእነዚሁ መካከል አዞል የሚባለው ወገን ለእርሻ የሚሰጠው ጥቅም፣ በሐኪም ቤት ከሚታይ ያልታሰበ ጉዳት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩ የእርሻ መድኃኒት አስመጪዎችንና ሻጮችን፣ እንዲሁም አበባ ላኪዎችን የሚመለከት ስለሆነ አመጣጡ ከዚህ በታች ተገልጿል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለው ሻጋታ በሚበሰብስ ቅጠልና ገለባ፣ በብስባሽ ማዳበሪያም ክምር ላይ ይበቅላል። ዘሩ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ትቢያ በመሆኑ ነፋስ ይበትነዋል፤ ሰውም ሁሉ በየቀኑ ይተነፍሰዋል። ጤነኛ ሰው ግን አይታመምበትም፤ የደሙ ነጭ ሕዋሶች ዘሩን ሳይበቅል ያጠፉታልና። የደም ነቀርሳ (ሉኪሚያ) በያዘው በሽተኛ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለነቀርሳው የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት ነጭ ሕዋሶቹን ለጊዜው ስለሚያሳንስበት፣ ዘሩ በሳንባው ውስጥ በቅሎ አካሉን እየወረረ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ከነቀርሳው ሊድን ይችል የነበረ ሰው በሻጋታ ይሞታል።

ለዚህ ሕመም ሐኪሞች ብዙ ዘመን ይሰጡት የነበረው ኩላሊትን የሚጎዳው አምፎቴሪሲን ቢ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ግን ከ12 ሳምንት በኋላ በሕይወት የተገኙት፣ አምፎቴሪሲን ከተሰጣቸው 58 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ቮሪኮናዞል ከተሰጣቸው 71 በመቶ ያህል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ቮሪኮናዞል ቀዳሚ መድኃኒት ሆነ። ይህም መድኃኒት ከአዞል ወገን ነው።

በሆላንድ አገር በ1998 ዓ.ም. ከበሽተኞች በተወሰደ ሻጋታ ላይ እንግዳ ነገር ታየ፤ ሻጋታው አዞልን ይቋቋም ነበር። ከዚያም በኋላ እንዲህ ያለው ሻጋታ አዞል ወስደው በማያውቁ በሽተኞች ላይ ሳይቀር ተገኘ። ሊቃውንት ምንጩን ሲፈልጉ ያንኑ ሻጋታ በአፈርና በብስባሽ ውስጥ አገኙት። በዚያች አገር ከ1990 እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ፕሮፒኮናዞል፣ ቴቡኮናዞል፣ ኤፖክሲኮናዞል፣ ዳይፌኖኮናዞልና ብሮሙኮናዞል ለእርሻ ተፈቅደው ነበር። የእነዚህ አሠራር ከሐኪም ቤቱ አዞል ጋር አንድ ነው፤ ሁሉም የሻጋታውን የሕዋስ ሽፋን የሚሠራውን ኤንዛይም ያግዳሉ። ቁልፎቹ ብዙ ቢሆኑም የሚገቡበት ቀዳዳ አንድ ነው ማለት ነው። መድኃኒት የተረጨ የአበባ ሥርና ግንድ ተከምሮ ሲበሰብስ፣ ደካማው ሻጋታ ይሞታል፤ ቀዳዳውን የለወጠው ብቻ ተርፎ ይራባል።

ጉዳቱ በቁጥር ታውቋል። በ2019 ዓ.ም. የወጣ የሆላንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ42 ቀን ውስጥ የሞቱት፣ ሻጋታቸው በቮሪኮናዞል ከሚሸነፍ በሽተኞች 28 በመቶ፣ ከማይሸነፍ ግን 49 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ዓ.ም. ይህን ሻጋታ እጅግ አሳሳቢ ከሆኑት ተራ መደበው።

ሻጋታው ከሸቀጥ ጋር ይጓዛል። በ2017 ዓ.ም. በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ከተገዛ፣ ከሆላንድ የመጣ የቱሊፕ አበባ ሥር ላይ ተገኝቷል። በምሥራቅ አፍሪካም በታንዛኒያ በኪሊማንጃሮ አውራጃ መገኘቱ በ2014 ዓ.ም. ተገልጿል። ኢትዮጵያም ከነገሩ ውጭ አይደለችም፤ አበባዋን በብዛት ለሆላንድ ትሸጣለች፤ የስንዴ ዋግንም ለመከላከል ገበሬዎቿ ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል ይረጫሉ።

ይህ ማለት አዞል ከገበያ ይውጣ ማለት አይደለም፤ ያለ መከላከያ ዋግ የገበሬውን ዓመት ልፋት በጥቂት ሳምንት ያጠፋዋል። ነጋዴው ግን ሊያደርገው የሚችለው አለ። በልዩ ልዩ የንግድ ስም የሚሸጡት መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ አንድ ወገን ስለሆኑ፣ አስመጪው የስሙን ማማር ሳይሆን በመለያው ላይ የተጻፈውን ንጥረ ነገር ሊመለከት፣ በስሙ መጨረሻ «ኮናዞል» የሚል ቢያገኝም ወገኑን ሊያውቅ ይገባዋል። ሻጩም ሌላ ወገን መድኃኒት በመደርደሪያው ቢይዝ፣ ገዢው እያፈራረቀ እንዲረጭ ለመምከር ይመቸዋል። አበባ አምራቹ ደግሞ መድኃኒት የነካውን ተረፈ ምርት በሜዳ ከምሮ መተው አይገባውም።

ጥንቃቄው ለነገም ያስፈልጋል። ኦሎሮፊም የተባለው አዲስ የሐኪም ቤት መድኃኒት ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራው ኢፕፍሉፌኖኩዊን በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ ለእርሻ ተፈቀደ። በ2024 ዓ.ም. የወጣ ምርመራም አንዱን የተቋቋመ ሻጋታ ሌላውንም ሊቋቋም እንደሚችል አስረዳ። ስለዚህ አዲስ የሻጋታ ማጥፊያ ከመታዘዙ በፊት፣ ከየትኛው የሐኪም ቤት መድኃኒት ጋር እንደሚዛመድ አምራቹን መጠየቅ፣ ዋጋውንና የማጓጓዣ ኪሳራውን እንደመጠየቅ የንግዱ አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል።