ጧት ብርቱ፥ ማታ ደካማ

ሥራ የዋለ ሰው ሁሉ ማታ ይደክመዋል። ተማሪው ሲያነብ አምሽቶ ዓይኑ ይከብደዋል፤ ጸሓፊውም ሲጽፍ ውሎ ጣቶቹ ይዝላሉ። እንዲህ ያለው ድካም የጤና ነው፤ እራት በልተው አንድ ሌሊት ቢተኙ ይለቃል። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ድካም የሚመስል ሕመም አለ። ይህ ሕመም የያዘው ሰው ጧት ከመኝታው ሲነሣ ጤነኛ ይመስላል። ረፋዱ ላይ አንድ ዓይኑ ይከደናል፤ በምሳ ጊዜ ሥጋ ማኘክ ያቅተዋል፤ ወደ ማታ ድምፁ ይደክማል። ጥቂት ዐረፍ ሲል ደግሞ ኃይሉ ይመለስለታል። ይህን የሚያይ ጎረቤትም ሆነ አለቃ «ሲፈልግ ይችላል፥ ሳይፈልግ አልችልም ይላል» ብሎ ይፈርድበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ፍርድ ለማስተካከል ነው።

የሕመሙ ስም ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል፤ ጽኑ የጡንቻ ድካም ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣለት በ1895 ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪክ ዮሊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ሕመሙ ራሱ ግን ከስሙ እጅግ የቀደመ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 በላቲን ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንዲት ሴት ጽፎአል። ይህች ሴት ንግግር ስትጀምር ደኅና አድርጋ ትናገራለች፤ ብዙ ወይም በችኰላ ስትናገር ግን አንደበትዋ ይዘጋና አንድ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ አይመለስላትም ነበር።

ምልክቶቹ ምን ምን ናቸው?

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከዓይን ይጀምራል። የአንዱ ወይም የሁለቱም ዓይን ቆብ እየወረደ ብሌኑን ይጋርዳል፤ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። በመንገድ የሚመጣው አውቶቡስ ሁለት ይሆንበታል፤ አንዱን ዓይኑን በእጁ ሲሸፍን ግን እንደገና አንድ ይሆንለታል። በአንዳንዶቹ ላይ ሕመሙ ከዓይን ሳያልፍ ይቀራል፤ በብዙዎቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌላው ሰውነት ይዛመታል።

ከዓይን ቀጥሎ የሚደክሙት የፊት፥ የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻዎች ናቸው። በሽተኛው ሲስቅ የከንፈሩ ዳርና ዳር ስለማይነሣ የተቈጣ ይመስላል። በመዓድ ላይ የመጀመሪያዎቹን ጕርሻዎች በደኅና ያኝካል፤ በኋላ ግን መንጋጋውን በእጁ ደግፎ መያዝ ይኖርበታል። ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ውሃው በአፍንጫው ይመለሳል። ሲናገር ድምፁ በአፍንጫው በኩል የሚወጣ ይመስላል። አንገቱ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ጠጉሩን ለማበጠር ክንዱን ማንሣት፥ ደረጃ መውጣት፥ ከዝቅተኛ ወንበር መነሣት ይከብደዋል።

ይህን ሕመም ከሌላው የሚለየው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውነቱ አይደነዝዝም፤ አእምሮው እንደ ቀድሞው ብሩህ ነው፤ ጡንቻዎቹ ብቻ በሠሩ መጠን እየደከሙ፥ ባረፉ መጠን እየበረቱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሐኪሙ በሽተኛውን «ሳታቋርጥ ወደ ጣራው ተመልከት» ይለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ የዓይኑ ቆብ ሲወርድ ምልክቱን ያገኛል። በወረደው የዓይን ቆብ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ቢያኖር ቆቡ ከፍ ሲል የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ብርድ የነርቭንና የጡንቻን ግንኙነት ያሻሽላልና። ከዚህም ሌላ የደምና የኤሌክትሪክ ምርመራ አለ።

ሕመሙ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ሳሉ፥ ወንዶችን ደግሞ ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ምክንያቱስ ምንድን ነው?

ነገሩ እንዲገባን ከቢሮ ሥራ ምሳሌ እንውሰድ። አለቃው ትእዛዝ ሲሰጥ ተላላኪዎቹ ደብዳቤውን ይዘው ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳሉ፤ በዚያ ያሉት ተቀባዮች ደብዳቤውን ሲረከቡ ሥራው ይጀመራል። አለቃው አንጎል ነው። ተላላኪዎቹ ከነርቭ ጫፍ የሚወጣው አሴቲልኮሊን የሚባለው ቅመም ነው። ተቀባዮቹም በጡንቻው ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁት ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው።

በሰውነታችን ውስጥ ተዋስያንን የሚዋጉ ዘበኞች አሉ። በዚህ ሕመም ዘበኞቹ ወዳጅን ከጠላት መለየት ተስኗቸው የጡንቻውን ተቀባዮች ያጠቃሉ። ትእዛዙ ይተላለፋል፤ ተላላኪውም ይደርሳል፤ የሚረከበው ግን ጥቂት ነው። ደግሞም ነርቭ በተከታታይ ሲታዘዝ የሚያወጣቸው ተላላኪዎች ቍጥር ቀስ በቀስ ያንሳል። ጤነኛ ሰው የተትረፈረፈ ተቀባይ ስላለው ይህ ማነስ አይታወቀውም። ለበሽተኛው ግን ጥቂት ተላላኪና ጥቂት ተቀባይ ሲገናኙ ሥራው ይቆማል። ጧት ብርቱ፥ ማታ ደካማ የሚሆንበትም ምሥጢር ይኸው ነው።

ሰውነት ራሱን የሚያጠቃ ሳይሆን አይቀርም ብሎ በ1960 ያመለከተው የስኮትላንዱ ሐኪም ጆን ሲምፕሰን ነበር። በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች ከኤሌክትሪክ ዓሣ የወሰዱትን ተቀባይ በጥንቸሎች ሰውነት ውስጥ ቢጨምሩ የጥንቸሎቹ ሰውነት በእርሱ ላይ ዘበኛ አስነሣ፤ ዘበኞቹም በጥንቸሎቹ በራሳቸው ተቀባይ ላይ ዞሩ፤ ጥንቸሎቹም ደከሙ። ከደረት አጥንት በስተ ኋላ ያለው ታይመስ የሚባለው ዕጢም በነገሩ እጅ አለበት፤ ከ100 በሽተኞች በ10 ወይም በ15 ያህሉ ላይ እብጠት ይገኝበታል።

ከመርዝ የተገኘ መድኃኒት

መድኃኒቱ የተገኘው ምክንያቱ ከመታወቁ በፊት ነው። ዛሬ ናይጄሪያ በሚባለው አገር፥ በካላባር አካባቢ፥ መርዘኛ ባቄላ ይበቅላል። በቀድሞ ዘመን በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ይህን ባቄላ እንዲበላ ይደረግ ነበር፤ አስታውኮት ከዳነ ንጹሕ ነው፥ ከሞተ ጥፋተኛ ነው ይባላል። ከዚህ ባቄላ ፊዞስቲግሚን የሚባል ቅመም ወጣ።

በ1934 በሎንዶን ግሪኒች ሰፈር በሚገኝ ሆስፒታል ሜሪ ዎከር የምትባል ሐኪም ትሠራ ነበር። ይህ ሕመም ደቡብ አሜሪካውያን ቀስታቸውን የሚቀቡት ኩራሬ የተባለው መርዝ የሚያመጣውን ድካም እንደሚመስል ተረዳች። ፊዞስቲግሚን የኩራሬ ማርከሻ ከሆነ ለዚህስ ለምን አይሆንም ብላ አንዲት የ56 ዓመት በሽተኛ በመርፌ ወጋቻት። የወደቀው የዓይን ቆብ ተነሣ፤ ክንድዋ በረታ፤ መዋጥም ቀለላት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የመድኃኒቱ ኃይል አለቀ፤ መንገዱ ግን ተከፈተ። ቅመሙ የሚሠራው ተላላኪውን ቶሎ የሚያጠፋውን ነገር በመከልከል ነው፤ ተላላኪው ብዙ ሲቆይ ተቀባይ የማግኘት ዕድሉ ይበዛል።

ዛሬ በዚህ ዓይነት የሚሠራው ፒሪዶስቲግሚን የሚባል ኪኒን አለ። የተሳሳቱትን ዘበኞች የሚያበርዱ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። ታይመስን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ለብዙ በሽተኞች እንደሚጠቅም በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት አረጋግጦአል። በቀድሞ ዘመን ብዙዎች በዚህ ሕመም ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ በሚገባ የታከመ ሰው በአመዛኙ ሥራውን ሠርቶ፥ ልጆቹን አሳድጎ ይኖራል።

ልንጠነቀቅ የሚገባን

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፥ ሕመሙ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሊይዝ ይችላል። በሽተኛው ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው፥ ትንፋሹ ሲያጥርና ንግግሩ ሲቈራረጥ፥ «ይነጋና እናያለን» ማለት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሁለተኛ፥ ለሌላው ሰው ደኅና የሆነ መድኃኒት ለእርሱ አደገኛ ይሆናል። እንደ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት የተዋስያን መድኃኒቶች ድካሙን ያብሱበታል። ወባ ባለበት ቆላ አገር ለምንኖር ወይም ለሥራ ለምንወርድ ደግሞ ኲኒን የሚባለው የወባ መድኃኒትም ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ማወቅ ይገባናል። ስለዚህ በሽተኛው መድኃኒት ሲታዘዝለት አስቀድሞ የሕመሙን ስም ይንገር።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በክፍልዎ ጧት እጁን የሚያወጣ፥ ከሰዓት በኋላ ግን ዓይኑ የሚከደን ተማሪ ቢኖር፥ ወይም በቢሮዎ ረፋድ ላይ አጥርታ የምትናገር፥ ማታ ግን ቃልዋ የማይሰማ ጸሓፊ ብትኖር፥ ስንፍና ነው ብለው አይፍረዱ። «ስታርፍ ይሻልሃልን? ነገርስ ሁለት ሆኖ ይታይሃልን?» ብለው በቅንነት ይጠይቁ፤ ወደ ሐኪምም እንዲሄድ ይምከሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ሰነፍ ተብሎ የተሰደበ ሰው ግን በሽታውን ከመደበቅ በቀር ምን ምርጫ አለው?