የኮምፒዩተር ጌም በቅናሽ፤ የትኛው ይገዛ? የትኛው ይለፍ?

ሰኔ ሲጋመስ ፈተና ያልቃል፤ ተማሪው ቤት መዋል ይጀምራል። በዚያው ሰሞን ከኮምፒዩተር ጌም መደብሮች ሁሉ ትልቁ የሆነው ስቲም የዓመቱን ሰፊ ቅናሽ ይከፍታል። ከየጌሙ ሥዕል አጠገብ በአረንጓዴ የተጻፈ "50 በመቶ"፣ "75 በመቶ"፣ "80 በመቶ" ይደረደራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል። ልጁ ወደ አባቱ ይመጣል፤ አለዚያም አሜሪካ ላለው አጎቱ ይደውላል። "ጋሼ፣ ዛሬ ካልተገዛ እኮ ያልፋል!" ይላል።

ለመሆኑ እውነት ያልፋል? ቅናሹስ ሁልጊዜ ቅናሽ ነው? ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ጌም የማይጫወት ቢሆንም እንኳ ይህን ገበያ ሊያውቀው ይገባል። ምክንያቱም የሚከፈለው በዶላር ነው።

ቅናሹ ከየት ይመጣል?

የመርካቶ ነጋዴ ዋጋ የሚቀንሰው ዕቃው እጁ ላይ ሲያድርበት፣ አለዚያም አዲስ ሞዴል ሲገባ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ጌም ግን መጋዘን የለውም። አንዴ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አሥረኛውን ቅጂም ሆነ አንድ ሚሊዮንኛውን ለመሸጥ አምራቹ የሚያወጣው ተጨማሪ ወጪ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ዕቃው አያልቅም፤ አይበላሽምም።

ታዲያ አምራቹ ለምን ይቀንሳል? ገበያተኛውን በትዕግሥቱ ልክ ከፋፍሎ ለመሸጥ ነው። ጌሙ በወጣበት ቀን ካልተጫወትኩ የሚለው 60 ዶላር ይከፍላል። ስድስት ወር የሚታገሠው 40 ዶላር፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሚጠብቀው ደግሞ 15 ዶላር ይከፍላል። ስቲም በመደበኛው ውል ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል። እናም ግብር ሳይታሰብ አምራቹ ከመጀመሪያው ገዢ 42 ዶላር፣ ከመጨረሻው 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያገኛል። ይህ የመጨረሻው ገዢ በ60 ዶላር ጨርሶ የማይገዛ ሰው ስለነበር ለአምራቹ 10 ዶላሩም ትርፍ ነው። እንግዲህ ዋጋውን የሚወስነው የጌሙ ጥራት ብቻ ሳይሆን የገዢው ትዕግሥትም ነው ማለት ይቻላል።

"ዛሬ ካልተገዛ" የሚለውም ዱሮ እውነትነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው ስቲም በቀደሙት ዓመታት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚቆዩ ቅናሾች ነበሩት፤ ሰውም ሌሊት እየተነሣ ያይ ነበር። ከ2015 መገባደጃ ወዲህ ግን ይህ አሠራር ቀርቷል። አሁን በትልቁ ቅናሽ ወቅት የመጀመሪያው ቀን ዋጋና የመጨረሻው ቀን ዋጋ አንድ ነው። ትልልቆቹ የቅናሽ ወቅቶችም በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት፣ በሰኔ ማብቂያ፣ በመስከረም ማብቂያና ከገና ቀደም ብሎ በታኅሣሥ ይመላለሳሉ። የሰኔው ያለፈው የታኅሣሡን ቢጠብቅ የሚጎድልበት ነገር የለም።

መቶኛውን ሳይሆን ዋጋውን ይዩ

"75 በመቶ ቅናሽ" የሚለው ጽሑፍ የሚነጻጸረው አምራቹ ራሱ ከሰየመው ዋጋ ጋር ነው። ጌሙ በዓመት አራት አምስት ጊዜ በ15 ዶላር የሚሸጥ ከሆነ ትክክለኛው ዋጋው 15 ዶላር ነው፤ 60 የሚለው ለማነጻጸሪያ የተሰቀለ ቁጥር ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ "ስንት በመቶ ቀነሰ?" ሳይሆን "ከዚህ በፊት ዝቅተኛው ዋጋ ስንት ነበር?" የሚለው ነው። ስቲም ዲቢ እና ኢዝ ዜር ኤኒ ዲል የተባሉት አገልግሎቶች የየጌሙን ያለፉ ዓመታት ዋጋ ያለ ክፍያ ያሳያሉ። የአሁኑ ዋጋ ከቀድሞው ዝቅተኛ ጋር እኩል ከሆነ ቅናሹ እውነተኛ ነው። በብዙ ከበለጠ ግን የሚቀጥለውን ወቅት መጠበቅ ይሻላል። ዋጋን ጨምሮ በማግስቱ "ቀነስኩ" ማለትን በተመለከተ፣ ስቲም ዋጋው የተጨመረበት ጌም ለ30 ቀናት ቅናሽ እንዳይደረግበት ይከለክላል።

ለእኛ አገር ገዢ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋጋው የሚቀርበው በዶላር ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። የ60 ዶላር ጌም ያለ ምንም ቅናሽ 3,420 ብር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ያው ጌም በግማሽ ዋጋ፣ በ30 ዶላር ተገዛ ቢባል እንኳ ከ3,600 ብር በላይ ይወጣል። በዶላር 50 በመቶ የቀነሰው ጌም በብር ከቀድሞው ሙሉ ዋጋ በለጠ ማለት ነው። አረንጓዴው ምልክት ይህን አይነግርዎትም።

መቼ ይጠበቅ? መቼ አይጠበቅ?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የሳይበርፐንክ 2077 ገዢዎች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 በ60 ዶላር ሲወጣ በስህተት የተሞላ ነበር። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በዚያው ወር ከመደብሩ አውጥቶት ለገዢዎች ገንዘብ እስከ መመለስ ደረሰ፤ መልሶ ያስገባው በጁን 2021 ነው። ፖላንዳዊው አምራች ሲዲ ፕሮጄክት ጌሙን ለዓመታት ሲጠግን ቆይቶ በሴፕቴምበር 2023 እንደ አዲስ የሠራውን እትም አወጣ። ከዚያ በኋላ ከግማሽ በላይ ዋጋው ተቀንሶ ሲሸጥ የገዛው ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን ከገዛው ያነሰ ከፍሎ የተሻለ ዕቃ አገኘ። ጌም ከአብዛኛው ሸቀጥ የሚለየው በዚህ ነው፤ ሲያድር ይረክሳል፣ ሲያድርም ይሻሻላል።

መጠበቅ የማይጠቅምበትም አለ። ፋብሪካ የማስፋፋት ጨዋታ የሆነውን ፋክቶሪዮን የሚሠራው የቼክ ኩባንያ ዉብ ጌሙን በቅናሽ እንደማይሸጥ አስቀድሞ አስታውቋል። እንዲያውም በጃንዋሪ 2023 ዋጋውን ከ30 ወደ 35 ዶላር ከፍ አደረገው። ቅናሽ የጠበቀ ሰው አምስት ዶላር ከሰረ። እንዲህ ያለውን የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው "እጫወተዋለሁ ወይ?" ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ከመነሻው ርካሽ የሆኑ ምርጥ ጌሞች አሉ። የእርሻ ሕይወትን የሚያሳየው ስታርዲው ቫሊ በአሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን ብቻውን ተሠርቶ በፌብሩዋሪ 2016 የወጣ ነው። መደበኛ ዋጋው 15 ዶላር ገደማ ሲሆን እስከ 2024 ድረስ የተጨመሩለት ሰፋፊ ማሻሻያዎች ሁሉ ለገዢው በነጻ ነበሩ።

ከመክፈል በፊት አምስት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩ ይችለዋል ወይ? በየጌሙ ገጽ ሥር የሚያስፈልገው ፕሮሰሰር፣ ራምና ግራፊክስ ካርድ ተዘርዝሯል። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው የቢሮ ላፕቶፕ ለስታርዲው ቫሊ ይበቃል፤ ለሳይበርፐንክ ግን አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ማውረጃው ስንት ይፈጃል? ስታርዲው ቫሊ የሚጠይቀው ቦታ 500 ሜጋባይት ነው። ባልደርስ ጌት 3 እና ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 እያንዳንዳቸው 150 ጊጋባይት ይጠይቃሉ። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው በቅናሽ የተገዛው ጌም የዳታው ሒሳብ ሲታከልበት ርካሽነቱ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሙሉ ነው ወይስ ቁርጥራጭ? ዘ ሲምስ 4 ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ በተናጠል የሚሸጡት ተጨማሪዎቹ ግን በሙሉ ዋጋቸው ተደምረው ከ1,000 ዶላር በላይ ይሆናሉ። ነጻ የሆነው በሩ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ሙሉ እትም የሚባለው በቅናሽ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እሱን መግዛት ያዋጣል።

አራተኛ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሳይገናኝ አይሠራም ነበር። ሰርቨሩ ማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ሁሉ ጌሙን አጡ። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሻጮች ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አለመሆኑን እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ስቲምም ይህንኑ በመክፈያው ገጽ ላይ ጻፈ።

አምስተኛ፣ ሌሎች ገዢዎች ምን ይላሉ? ስቲም ላይ አስተያየት የሚሰጠው ጌሙን የያዘ ሰው ነው፤ ስንት ሰዓት እንደተጫወተም አብሮ ይታያል። የጠቅላላው ዘመንና የቅርቡ ወር ውጤት ለየብቻ ተቀምጧል። ጠቅላላው መልካም ሆኖ የቅርቡ ከወረደ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነውና ከመክፈልዎ በፊት የቅርቦቹን ያንብቡ።

ከማን ይገዛ?

ስቲም ብቻውን አይደለም። በ2008 የተከፈተው ጎግ ጌሞቹን ያለ መቆለፊያ ይሸጣል። የመጫኛውን ፋይል በሃርድ ዲስክ አስቀምጦ፣ ኢንተርኔት በሌለበትም መልሶ መጫን ይቻላል። መስመር ለሚቆራረጥበት ሰው ይህ ከቅናሽ አይተናነስም። በዲሴምበር 2018 የተከፈተው ኤፒክ ደግሞ ገበያተኛ ለመሳብ በየሳምንቱ ጌም በነጻ ሲያድል ቆይቷል። በሜይ 2020 ታዋቂውን ጂቲኤ 5 ሳይቀር ሰጥቷል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት እዚያ ጎራ ማለት አይከፋም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከመደብሮቹ ውጭ "ቁልፍ" እየተባለ የሚሸጠውን የመክፈቻ ቁጥር ሲገዙ ነው። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንዲሉ፣ በቅናሽ ሰሞን ከሁሉም በታች በሆነ ዋጋ የሚቀርበው ቁጥር በተሰረቀ የባንክ ካርድ የተገዛ ሊሆን ይችላል። የካርዱ ባለቤት ሲያመለክት አምራቹ ቁጥሩን ይሰርዘዋል፤ ጌሙም ከገዢው አካውንት ይጠፋል። ከላይ የተጠቀሰው ዉብ ጂቱኤ በተባለው የቁልፎች ገበያ ላይ አቤቱታ አቅርቦ ሲመረመር 198 የተሰረቁ የፋክቶሪዮ ቁጥሮች በዚያ ገበያ ተሸጠው ተገኙ። ጂቱኤም በ2020 ለዉብ 39,600 ዶላር ከፍሏል።

በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ያለው ቀናው መንገድ ውጭ ያለ ዘመድ ራሱ ገዝቶ በስጦታ እንዲልክለት ማድረግ ነው። ሆኖም በላኪውና በተቀባዩ አገር መካከል የጌሙ ዋጋ በጣም ከተለያየ ስቲም ስጦታውን አያሳልፍም። አገርን በማስመሰል ርካሽ ዋጋ ለማግኘት መሞከርም የስቲምን ውል ያፈርሳል፤ አካውንቱንም ሊያሳግድ ይችላል።

የመጨረሻው ሒሳብ

አንድ ጌም በ10 ዶላር ተገዝቶ ሁለት ሰዓት ብቻ ከተጫወቱበት ሰዓቱ አምስት ዶላር ወጣ። በ15 ዶላር የተገዛው 100 ሰዓት ካጫወተ ሰዓቱ 15 ሳንቲም ነው። በ3 ዶላር ተገዝቶ አንድም ቀን ያልተከፈተው ከሁሉም የተወደደው ነው። "ርካሽ ነው" ተብሎ የማይጫወቱትን መሰብሰብ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ተገዝቶ ያላስደሰተውን ለመመለስም መንገድ አለ። ከጁን 2015 ጀምሮ ስቲም፣ በተገዛ በ14 ቀናት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጌም፣ ምክንያት ሳያበዛ ገንዘቡን ይመልሳል። ጎግ ደግሞ እስከ 30 ቀናት ይፈቅዳል። ስለዚህ የተገዛውን ጌም "ለክረምት ይሁን" ብሎ ማስቀመጥ አይገባም። በገዙበት ሳምንት ይክፈቱት፤ ማሽኑ ካልቻለው ወይም ልብዎ ካልወደደው ሁለቱ ሰዓት ሳይሞላ ይመልሱት።

ልጁ በሰኔ ሲደውል እንግዲህ መልሱ ቀላል ነው። ቅናሹ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ዋጋውም አይለወጥም። አንድ ወረቀት ይዞ የሚፈልጋቸውን ሦስት ጌሞች፣ የእያንዳንዱን ያለፈ ዝቅተኛ ዋጋ፣ የሚፈጀውን ጊጋባይትና ኮምፒዩተሩ ይችለው እንደሆነ ይጻፍ። ከሦስቱ አንዱ ፈተናውን ካለፈ እሱ ይገዛ። ካላለፈ የታኅሣሡ ቅናሽ ሩቅ አይደለም።