«ቲቢ» ስለሚባለው አሕጽሮተ ቃል

ጸሐፊ ጊዜንና ወረቀትን ለመቆጠብ ሲል ቃልን ያሳጥራል። እኛም «ዓመተ ምሕረት» የሚለውን «ዓ.ም.» ብለን እንጽፋለን፤ አንባቢውም ስለለመደው አይሳሳትም። አንዱ አሕጽሮት ለብዙ ነገር የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ጸሐፊው ያሰበው ሌላ፥ አንባቢው የተረዳው ሌላ ይሆናል።

በውጭ አገር የሚማር የአንድ ጎረቤታችን ልጅ «ቀኑን ሙሉ የምውለው ከቲቢ ጋራ ነው» ብሎ ለወላጆቹ ጻፈ። እናቱም የሳንባ ነቀርሳ የያዘው መስሏት ሦስት ቀን ስታለቅስ ሰነበተች። በስልክ በተጠየቀ ጊዜ ግን የሚመረምረው ተርቢየም የሚባለውን ብረት መሆኑ ታወቀ።

ተርቢየም መልኩ ብር የሚመስል፥ በኬሚስቶች ሰንጠረዥ ቁጥሩ 65 የሆነ፥ «ብርቅ የምድር ብረቶች» ከሚባሉት አንዱ ነው። የስዊድን ሊቅ ካርል ጉስታፍ ሞሳንደር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1843 አገኘው፤ ስሙም ኢተርቢ ከምትባለው የስዊድን መንደር የመጣ ነው። ኢትሪየም፥ ኤርቢየምና ኢተርቢየም የሚባሉትም ስማቸውን ያገኙት ከዚያችው መንደር ነው። ስሞቹ እጅግ ከመመሳሰላቸው የተነሣ የተርቢየምና የኤርቢየም ስም በሊቃውንቱ መካከል ተለዋውጦ ቀርቷል። ተርቢየም ለፍሎረሰንት መብራት አረንጓዴውን ብርሃን ይሰጣል።

የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ደግሞ ቴራባይትን እንዲሁ ያሳጥሩታል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ባይት ማለት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የብረቱ ሁለተኛ ፊደል ትንሽ ነው፤ የበሽታው ግን ሁለቱም ትልልቅ ናቸው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልዩነቱ ይጠፋል። እናቲቱንም ያሳታት ይኸው ነው። ስለዚህ ለቤተ ሰብ የሚጽፍ ሰው ሙሉውን ስም ቢጽፍ ይሻላል።

ከዚህ ስሕተት የሚከፋ ሌላ ስሕተት አለ፤ ይኸውም የበሽታውን ስም አሳጥሮና አንሾካሽኮ በሽተኛውን በጓዳ መሸሸግ ነው። ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ማግኘቱን በፈረንጅ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 1882 ከገለጸ ወዲህ፥ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በሳልና በትንፋሽ የሚተላለፍ እንጂ የዘር እርግማን እንዳይደለ ታውቋል። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ያህል መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የወሰደ ሰው ይድናል። ስለዚህ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሰው ቢኖር ወደ ሐኪም ውሰዱት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና፤ ቃል ቢያጥር አይጎዳም፤ በመሸሸግ ምክንያት የሰው ዕድሜ ቢያጥር ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።