ይምርሐነ ክርስቶስ ይቅደም

ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ ሁለት ቀን ካለው የመጀመሪያውን ጠዋት ከከተማ አወጣዋለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ፎቶውን ያየውን ቤተ ጊዮርጊስን ትቶ በኮረኮንች መንገድ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ መሄዱ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። በአስጎብኚነት ሥራዬ ከእንግዳ ጋር የምከራከርበት ነገር ቢኖር ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

እዚያ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት አልተፈለፈለም፤ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ የነጣ ድንጋይ እየሆነ ይወጣል። እንጨቱ ግንቡን ያስራል፤ በበሩና በመስኮቱ ማዕዘን ያሉት ግንዶችም ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ብሏል። እያንዳንዱ እንጨት ሥራ አለው። እንግዳዬን እዚህ ግድግዳ ሥር በደንብ አቆየዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ አማኑኤል ስንደርስ ያንኑ ግድግዳ ያገኘዋል፤ እንጨት ግን የለም። ከአንድ ወጥ ቀይ አለት በተፈለፈለው ሕንፃ ላይ ረድፉ ገባ ወጣ እያለ ተቀርጿል፤ የመስኮቱ የማዕዘን ግንድ እንኳ አልቀረም። የሚያስረውም የሚሸከመውም ነገር የለም። «ታዲያ ለምን ደከሙበት?» የሚል ጥያቄ ከእንግዳው ሲመጣ ጉብኝቱ የተጀመረው ያኔ ነው እላለሁ። ለሠሪዎቹ ቤተ ክርስቲያን ማለት ይህ መልክ ያለው ሕንፃ ነበር። መልኩ ከአክሱም የወረደ ነው፤ ደብረ ዳሞ ላይ በእንጨትና በድንጋይ ተገንብቶ ይታያል። በ1997 ዓ.ም ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ላይ ደግሞ የማይከፈት በርና መስኮት ከነግንዱ ጫፍ ተፈልፍሏል። ላሊበላን የሠሩት ከውጭ የመጡ ናቸው የሚለውን ወሬ ሰምቶ ለሚመጣ ሰው የማሳየው ማስረጃ ይህ ግድግዳ ነው። መላእክት ሌሊት ሌሊት አግዘዋል የሚለውን ትውፊት ካህናቱ እንደሚነግሩት እነግራለሁ፤ እሱ ከግድግዳው ጋር አይጣላብኝም።

ይህን ቶሎ የሚረዱልኝ ከህንድ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ኤሎራ ያለውን የካይላሳ ቤተ መቅደስ የሚያውቅ ሰው ከላይ ወደ ታች መፈልፈል አይገርመውም። ካይላሳ በ8ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ጊዜ፣ ከባዛልት አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ የኛዎቹን በአራት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። እሱም ቢሆን ፓታዳካል ላይ በተገነባ ድንጋይ የቆመውን የቪሩፓክሻን ቤተ መቅደስ መልክ እንደተከተለ የጥበብ ታሪክ ምሁራን ይናገራሉ። እዚያም እዚህም ጠራቢው ግንበኛውን አስመስሏል። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ግንኙነት ነበር እያልኩ ግን አይደለም።

ልዩነቱ የሚጎላው ወደ ቅርጻ ቅርጹ ሲመጣ ነው። ካይላሳ ከዝሆን እስከ አማልክት በምስል ተሸፍኗል። ያንን የለመደ እንግዳ «ምስሎቹስ የት አሉ?» ይለኛል። ጥቂት ናቸው። በቤተ ማርያም ምዕራባዊ በር በላይ ሁለት ፈረሰኞች ከዘንዶ ጋር ሲዋጉ ይታያሉ፤ ቅርጿ ትንሽ ስለሆነች እንግዶቼን ካላሳየኋቸው ያልፏታል። ትልልቆቹ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ናቸው፤ በቅስት ሥር የቆሙ፣ በሰው ቁመት ልክ የተቀረጹ ቅዱሳን። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሞልቷል፤ እንዲህ ያለ ቅርጽ ግን ብርቅ ነው።

ቤተ ጎልጎታ ደግሞ ሴት አትገባም። ባልና ሚስት ሆነው ሲመጡ እሱን አስገብቼ እሷን አጠገቡ ካለው ከደብረ ሲና አስቀራለሁ። ስወጣ የቅዱሳኑን የልብስ እጥፋትና የእጅ አያያዝ በቃል ልነግራት እሞክራለሁ፤ ከመጽሐፍም ፎቶውን አሳያለሁ። ሥርዓቱን ሳስረዳ የሚቀበሉኝ ብዙ ናቸው። አንዳንዷ ግን የቅርጽ ጥበብ ያጠናች ትሆንና፣ ባሏ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ «ጨለማ ነው» እያለ ሲወጣ፣ ምን እንደምላት ይጠፋኛል።