ትከሻዎን በፑሽ አፕ ሲያጠነክሩ ከቁጥሩ ይልቅ ለአሠራሩ ይጠንቀቁ



በደሳን ለሚያውቅ ሰው የትከሻን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም። ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ ቡናው መኪና ላይ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። የዛሬውን ርዕስ ያነሳሁትም እዚያው በጫኝና አውራጅነት የሚሠራ አንድ ወጣት ባጋጠመው ችግር ምክንያት ነው። ይህ ወንድማችን ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በፑሽ አፕ ብዛት ይወዳደር ነበር። በየቀኑ፣ ያለ ዕረፍት። ከሁለት ወር በኋላ ቀኝ እጁን ለተክቢራ ማንሳት እንኳ አቃተው፤ ሥራም አቆመ። በቀን ገቢ ለሚያድር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። «ኩንታል የሚሸከም ትከሻ የራሴን ክብደት እንዴት መሸከም አቃተው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በመገጣጠሚያው አሠራር ላይ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ሲሆን የትከሻው ግን ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። እጃችንን ወደ ፈለግነው አቅጣጫ የምናዞረው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን «ብርቱካኑ» እንዳይንሸራተት የሚይዘው በአብዛኛው አጥንት ሳይሆን በዙሪያው ያሉት አራት ትናንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ከውጭ የሚታየውና ትከሻን ክብ የሚያደርገው ትልቁ ጡንቻ ዴልቶይድ ይባላል። ወጣቶች የሚያሳድዱት ይህንን ነው፤ አራቱን ግን የሚያስታውሳቸው የለም። ኩንታል በጫንቃ ሲቀመጥ ደግሞ ሸክሙን በዋናነት የሚችሉት ወገብና እግር ናቸው። ስለዚህ ጎበዝ ተሸካሚ ሁሉ የትከሻው መገጣጠሚያ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም።

ፑሽ አፕ ጂም ለሌለበት ከተማ ትልቅ ጸጋ ነው። በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ ክብደት መሥራትም አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ቀላል አይደለም። ተለክቶ እንደታየው መሬት ላይ እጅና የእግር ጣትን ብቻ አስነክቶ የሚሠራ ሰው ከክብደቱ 64 በመቶ ያህሉን በእጁ ይሸከማል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ ምልልስ 38 ኪሎ ገደማ ይገፋል ማለት ነው። ጉልበቱን መሬት ካስነካ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እጁን 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነገር ላይ ካሳረፈ 41 በመቶ፣ በተቃራኒው እግሩን በዚያው ከፍታ ላይ ከሰቀለ 74 በመቶ ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክብደት መጨመርና መቀነስ የሚቻለው በብረት ብቻ ሳይሆን በከፍታም መሆኑን ስለሚያሳዩ ነው።

ጀማሪ በግድግዳ ይጀምር። እህቶችም በቤታቸው ውስጥ ያለ ምንም ዕቃ ሊሠሩት ይችላሉ። መዳፍዎን ከትከሻዎ ስፋት ትንሽ አስፍተው በደረትዎ ትይዩ ያሳርፉ። ሰውነትዎ ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ይበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክርኑ ላይ ነው፤ እንደ መስቀለኛ ወደ ጎን ይዘረጋዋል። ይህ የትከሻ ጅማቶችን ያስቆጣል። ክርንዎ ከጎንዎ 45 ዲግሪ ያህል ብቻ ይራቅ። ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ሲወጡም ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ አይሰብሰብ። እጅዎ ከተዘረጋ በኋላ ትንሽ ተጨማሪ ገፋ ያድርጉ፣ ከኋላ ያሉት ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንቶች ይራራቁ። ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ከብብት በታች ያለውንና አጥንቱን ከጎድን ጋር የሚይዘውን ጡንቻ ታሠራለች። እኔ ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር በቂ ነው። ሁለት ያህል መሥራት የሚችሉ ሆነው ሳለ ያቁሙ። 12ቱ ሲቀልልዎ ከግድግዳ ወደ አልጋ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ ጉልበት፣ ከዚያ ወደ መሬት ይውረዱ። መሬቱን በደንብ የቻለ ሰው ዳሌውን ወደ ላይ ሰቅሎ በተገለበጠ «ቪ» ቅርጽ፣ አናቱን ወደ መሬት እያወረደ ቢሠራ ሸክሙ ከደረት ወደ ትከሻ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲሠራ ይመክራል። ሦስት ቀን ማድረግ ይቻላል፤ በየመካከሉ ግን አንድ ቀን ይረፉ፣ ጡንቻ የሚጠገነው ያን ጊዜ ነውና።

መግፋት ብቻውን ግን ትከሻን ወደ ፊት ይስባል። ወጣታችን የዘነጋው አንዱ ነገር ይህ ነበር። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው። ከወገብዎ ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጅዎን መደብ ላይ ደግፈው በሌላው ጀሪካኑን ወደ ጎንዎ ይሳቡ። የገፉትን ያህል መሳብ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ጫት። በሐረርጌ ይህን ሳያነሱ ስለ ስፖርት ማውራት አይቻልም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ድካምንም ይሸፍናል። ከበርጫ በኋላ «ጉልበት አገኘሁ» ብሎ ፑሽ አፕ መሥራት ስለዚህ አደገኛ ነው። ጡንቻ ያለ ምግብ አይገነባም። የአካባቢያችን ማሽላ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ቦሎቄ ደግሞ ይህንኑ አሟልቶ ይዟል፣ ሁለቱን አብሮ መመገብ ጥሩ ነው። ወተትና እንቁላል ከተገኘማ ይበልጥ ይጠቅማል። በረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ውኃ ጠጥቶ ቀለል ያለውን መሥራት ይሻላል።

በማግስቱ ጡንቻ መዛል የተለመደ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። ሹል ሕመም ከተሰማዎ ግን ወዲያው ያቁሙ። በተኙበት ጎን ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም እጅን ማንሳት አለመቻል ካለ ገለምሶ ወይም ጭሮ ሆስፒታል ይታዩ። የስኳር ሕመምተኞች ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ትከሻ ደርቆ የመቅረት ችግር በእነሱ ላይ ይበዛል። በውድድር ብዙ ሠርቶ ሽንቱ እንደ ቡና የጠቆረ ሰው ደግሞ ሳያድር ሐኪም ይይ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊያበላሽ ይችላልና።

ወጣታችን ታክሞ፣ ትከሻው ካረፈ በኋላ ከግድግዳ ጀምሮ አልሐምዱሊላህ አሁን አልጋ ጠርዝ ላይ ደርሷል። ጓደኞቹ ሲያዩት ይስቃሉ አሉ።