የቆመ አውሮፕላን ስለሚታሰርበት ብልሃት

ዊልበርና ኦርቪል ራይት የተባሉት ወንድማማቾች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. ዲሴምበር 17 ቀን፣ በሰሜን ካሮላይና የባሕር ጠረፍ ኪል ዴቪል ሂልስ በተባለው አሸዋማ ስፍራ፣ በገዛ እጃቸው በሠሩት መኪና አራት ጊዜ በርረው፣ በመጨረሻውም 59 ሰከንድ በአየር ላይ ቆይተው 260 ሜትር ያህል መጓዛቸውን የማያውቅ የበረራ ወዳጅ የለም። ከአራተኛው በረራ በኋላ ግን ሰዎቹ በአጠገቡ ቆመው ሲነጋገሩ ድንገት የመጣ ብርቱ ነፋስ አውሮፕላኑን አንሥቶ ገለበጠው፤ የመጀመሪያውን በረራ በፎቶግራፍ ያስቀረው የሕይወት አድን ጣቢያ ባልደረባ ጆን ዳንየልስም ይዞ ሊያስቀረው ቢታገል በእንጨቱና በሽቦው መካከል ተጠላልፎ አብሮት ተንከባለለ። ዳንየልስ ተላልጦና ተቀጥቅጦ በሕይወት ተረፈ፤ አውሮፕላኑ ግን ዳግመኛ አልበረረም። እንግዲህ ያን የመጀመሪያ ፍሬ፣ 274 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝነውን ድንቅ ሥራ፣ ያጠፋው በሰማይ ያገኘው መከራ ሳይሆን በምድር ላይ ሳይታሰር መቆሙ ነው።

ምክንያቱ በሕገ ተፈጥሮ የተወሰነ ነው። ክንፍ አብራሪ ይኑርበት አይኑርበት፣ ሞተር ይሥራ አይሥራ፣ አየር በላዩና በታቹ ባለፈ ጊዜ ሁሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ የሚነሣበትም ኃይል በነፋሱ ፍጥነት ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ነፋሱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በየቤቱ ጋራዥ ተሠርተው ለበረራ ከሚበቁት ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ምድርን የሚለቁ ስለሆኑ፣ ይህን ያህል የሚነፍስ ዐውሎ ከፊት ቢመጣባቸው ቆመው ሳሉ ሊያነሣቸው ይችላል። በተለይም ሦስተኛ ጎማቸው ከጭራቸው ሥር የሆነው፣ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው ስለሚቆሙ፣ ክንፋቸው ነፋሱን ለመቀበል የተሰናዳ ነው።

ስለዚህ አውሮፕላን ቢቻል ፊቱን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሮ በሦስት ስፍራ፣ ይኸውም በሁለቱ ክንፎችና በጭራው ይታሰራል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለትንንሽ አውሮፕላኖች እያንዳንዱ ገመድ ወደ 1,360 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጉተታ የሚችል እንዲሆን ይመክራል። የገመዱም ዓይነት ቀላል ነገር አይደለም፤ የቃጫ ገመድ ዝናብ ሲነካው ይኮማተራል፣ ሲቈይም ይሻግታል፣ ናይለን ግን ይህ ችግር የለበትም። ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚያሻው የአወጣጠሩ ልክ ነው፤ እጅግ የተወጠረ ገመድ ክንፉን ወደ ታች እየሳበ፣ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ሲበር የሚያገኘውን ዓይነት ጫና ያመጣበታል፤ እጅግ የላላው ደግሞ አውሮፕላኑ ተነሥቶ በኃይል እንዲነጠቅ ስለሚፈቅድ፣ ገመዱን ወይም ቀለበቱን የሚበጥሰው ይህ ንጥቂያ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መላወሻ መተው በቂ ነው። ገመዱን በክንፉ ደጋፊ ዘንግ ወገብ ላይ የሚቋጥር ሰው ግን ቋጠሮው ተንሸራቶ እንደሚላላ ይወቅ።

ገመድ ምንም ቢጠነክር ከሚይዘው ችካል አይበልጥም። በዊስኮንሲን ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው የአማተር አውሮፕላን ሠሪዎች ጉባኤ፣ በሣር ሜዳ ላይ የሚያርፉት እንግዶች ችካላቸውንና ገመዳቸውን ይዘው የሚመጡት ስለዚሁ ነው። እንደ ቡሽ መንቀያ ተጠምዝዞ የሚገባው ብረት ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ቢያገለግልም ዝናብ የጠጣ ለስላሳ አፈር ሊለቀው ይችላል፤ በተለያየ አቅጣጫ ዘመም ተደርገው የሚመቱ ረጃጅም ችካሎች ግን አንዱ የሌላውን ጉተታ ስለሚካፈሉ የተሻሉ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 31 ቀን በፍሎሪዳ፣ በሌክላንድ የአየር ትርኢት ላይ ዐውሎ ነፋስ ወርዶ በርካታ አውሮፕላኖችን እንደ ሰበረ ሲታሰብ፣ ችካል ለመምታት የሚጠፋው ሰዓት በእኔ ግምት ከማንኛውም የጉዞ ዝግጅት ይቀድማል።

ከገመዱ ጋር ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በታኮ መደገፍ፣ የመንጃውን ዘንግም አስሮ የክንፉና የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በነፋስ እየተመቱ ማጠፊያዎቻቸው እንዳይሰበሩ መከልከል ያስፈልጋል።

በፋብሪካ የተሠራ አውሮፕላን የማሰሪያ ቀለበቱን ይዞ ሲመጣ፣ በቤቱ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ራሱ ሊያስብበት ይገባል። ቀለበቱ በቀጭኑ ልባስ ላይ ሳይሆን የክንፉን ሸክም በሚሸከመው በዋናው ወጋግራ ላይ መጠበቅ አለበት፤ ልባሱ ከተዘጋ በኋላ ወደዚያ መድረስ አስቸጋሪ ነውና፣ በዚህ ሥራ ላይ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ክንፍህን ከመዝጋትህ በፊት የቀለበቱን ስፍራ አዘጋጅ።